የውጭ አጋሮችን ደብረ ብርሃን ላይ መሰብሰብ፦ ወሩና ቅደም ተከተሉ

ጥያቄ፦ ለብዝኃ ሕይወት ትምህርት ፕሮጀክት 20 አጋሮች ከውጭ ይመጣሉ። ሁለት ቀን ደብረ ብርሃን፣ አንድ ቀን መንዝ ጓሳ (በመንዝ ደጋ ያለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ቦታ) አስበናል። መቼ ይሻላል?

መልስ፦ ኅዳር። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃና ጉም ነው። ጓሳን የመጨረሻው ቀን ላይ አድርጉት፤ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከቆላ የመጣ እንግዳ በማግስቱ ከወጣ ራስ ምታት ሊይዘው ይችላል። የኅዳር ሌሊት ውርጭ ነው፤ ወፍራም ጃኬት እንዲይዙ ቀድማችሁ ንገሯቸው።

መልስ፦ ግብዣው ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የእኛ ጠዋት 3፡00 ለእነሱ 9፡00 ነው፤ «3፡00» ብቻ ካላችሁ ግማሹ ሰው ይቀራል። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ አይርሳ።

መልስ፦ ጭላዳ ዝንጀሮ ከገደሉ ወጥቶ ሣር ሲነጭ ለማየት ጠዋት ድረሱ። የጓሳን ሣር ስለጠበቀው «ቄሮ» ስለተባለው ባህላዊ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት የመንዝ አባቶች ራሳቸው ያስረዱ፤ አስተርጓሚ ስላለ ጊዜውን እጥፍ ያዙ። እባካችሁ ይህን ክፍል አታሳጥሩት!