«ብሔራዊ ባንክ» ውስጥ ያለው ብሔርና «ብሔርህ ምንድን ነው?» ውስጥ ያለው ብሔር

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። «ብሔራዊ ባንክ»፣ «ብሔራዊ ቴአትር»፣ «ብሔራዊ ቡድን» ስንል የመላው አገር ማለታችን ነው። «ብሔርህ ምንድን ነው?» ለሚል ጥያቄ ግን «ኢትዮጵያዊ» ብሎ የሚመልስ ሰው ጥያቄውን እንደሸሸ ይቆጠራል። ቃሉ መቼና እንዴት ለሁለት ተከፈለ?

ግስ ወዳድ፦
መነሻው ግእዝ ነው። ብሔር አገር፣ ምድር፣ ዓለም ማለት ነው። እግዚአብሔር የዓለም ጌታ፣ ብሔረ ሕያዋን ደግሞ የሕያዋን አገር ነው። «ብሔራዊ» የተሠራው ከዚህ ነው። ሰውን በትውልድ ለመለየት ያገለግሉ የነበሩት ነገድ፣ ጎሳና ዘር ናቸው።

ቃሉን ወደ ሕዝብ መለያነት የገፋው የተማሪዎች ንቅናቄ ነው። የንቅናቄው አባል ዋለልኝ መኮንን በ1962 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያወጣው የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ክርክሩ ወደ አማርኛ ሲገባ ለማርክሲስቱ መዝገበ ቃላት አቻ ማግኘት ግድ ሆነ። «ብሔር»ና «ብሔረሰብ» ለዚህ ሥራ ተመደቡ። ደርግ በብዛት የሚጠቀመው በ«ብሔረሰብ» ነበር፤ በ1975 ዓ.ም. ያቋቋመው ተቋም ስሙ የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ነው። ሁለቱ ከ«ሕዝብ» ጋር ተደርድረው «ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች» ተብለው የሕገ መንግሥት መግቢያ የሆኑት በ1987 ዓ.ም. ነው።

የድሮው ትርጉም ግን አልጠፋም። «የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ» እና «የአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት» የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አንዱ ቅጽል በመጀመሪያው መላ አገሪቱን፣ በሁለተኛው የአገሪቱን አንድ ክፍል ይገልጻል።

አንቀጽ ቆጣሪ፦
በግስ ወዳድ ላይ ትንሽ ልጨምር። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 5 ላይ ሦስቱም ቃላት የተሰጣቸው ትርጉም አንድ ነው፦ የጋራ ባህል ወይም ተመሳሳይ ልምድ፣ መግባቢያ ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና አለን ብሎ ማመን፣ የሥነ ልቦና አንድነት፣ በአብዛኛው የተያያዘ መልክዓ ምድር። ይህን ስታሊን በ1913 እ.ኤ.አ. ከሰጠው ትርጉም ጋር አስተያዩት። ቋንቋው፣ መሬቱ፣ ሥነ ልቦናው፣ ባህሉ አለ። የጋራ የኢኮኖሚ ሕይወት የሚለው ወጥቷል፤ «ብሎ ማመን» የሚለው ገብቷል።

በተግባር ይህ ምን ያመጣል? «እኛ ብሔር ነን፣ እነ እገሌ ግን ብሔረሰብ ብቻ ናቸው» የሚል ተናጋሪ ሲያጋጥማችሁ በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የሚደግፈው ሐረግ የለም። ደረጃው የመጣው ከፓርቲ ትምህርት እንጂ ከሕጉ አይደለም። የእንግሊዝኛውን ቅጂ ይዞ መከራከርም አያዋጣም፤ በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው።

ግስ ወዳድ፦
ትክክል ነህ። «ሕዝቦች» ላይም ቆም በሉ። «የኢትዮጵያ ሕዝብ» እና «የኢትዮጵያ ሕዝቦች» መካከል ያለው ልዩነት «ኦች» ብቻ ነው፤ የሉዓላዊነት ክርክሩ (የበላዩ ሥልጣን የአንድ ሕዝብ ነው ወይስ የብዙ ሕዝቦች የሚለው) ግን በሙሉ እዚያች ላይ ተንጠልጥሏል። (የግእዙ ብዙ ቁጥር «አሕዛብ» ነበር፤ በቤተ ክህነት አነጋገር ያላመኑ ወገኖች የሚል ትርጉም ስለያዘ ማንም ፖለቲከኛ አይነካውም።)

ወለላ፦
ጨዋታው የገዢ ፓርቲ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ስለ አንድ ሥርዓት ሲነገር ተቃዋሚው «የጎሳ ፌዴራሊዝም» ይላል፣ ሌላው «የብሔር ፌዴራሊዝም»፣ ደጋፊው ደግሞ «ኅብረ ብሔራዊ ፌዴራሊዝም»። ተናጋሪው ክርክሩን ሳይጀምር አቋሙን ነግሯችኋል። «ጎሳ» በራሱ ስድብ አልነበረም፤ ስድብ የሆነው «ብሔር» አጠገቡ በክብር ሲቆም ነው። «ነፍጠኛ»ም መሣሪያ የያዘ ማለት ነው፤ በምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ ሄዶ የሰፈረውን ወታደር ሲጠራ ግን የሥራ ስም ነበር። ዛሬ ጠመንጃ ነክቶ በማያውቅ ሰው ላይ በትውልዱ ብቻ ይለጠፋል።

ጠያቂ፦
«ኪራይ ሰብሳቢ»ስ? የቤት አከራይ ሁሉ ወንጀለኛ ነው ማለት ነው እንዴ?

ወለላ፦
ይህኛው ከሁሉም ይብሳል። ቃሉ «rent seeking» ከሚለው የእንግሊዝኛ ስያሜ የተተረጎመ ነው። ጽንሰ ሐሳቡን ኢኮኖሚስቱ ጎርደን ታሎክ በ1967 እ.ኤ.አ. አቀረበው፤ ስያሜውን ኢኮኖሚስቷ አን ክሩገር በ1974 ሰጠችው። ትርጉሙ አዲስ ሀብት ሳይፈጥሩ መንግሥት በሚሰጠው ልዩ ፈቃድ፣ ኮታ ወይም ከለላ ገቢ ማግኘት ነው። ስለዚህ ጣቱ የሚጠቁመው ፈቃዱን ወደሚሰጠው ነው። ፈቃድ ሰጪ ከሌለ ይህ ዓይነቱ ኪራይ የለም።

በኢሕአዴግ ዘመን ቃሉ አቅጣጫውን ለወጠ። ከሳሹ ፈቃድ ሰጪው ራሱ ሆነ፤ ተከሳሹ ነጋዴው፣ ደላላው፣ የታችኛው ሹም፣ አልፎም ተቺው። አጠገቡ «ልማታዊ» ቆመ፦ ልማታዊ ባለሀብት፣ ልማታዊ ጋዜጠኛ፣ ልማታዊ አርቲስት። ሦስተኛ ቦታ የለም። መንገዱ ለምን ዘገየ ብሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ ልማታዊ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? አማርኛው በቀጥታ «ኪራይ» ተብሎ መተርጎሙም ለዚህ አገዘ፤ ሰሚው የሚያውቀው የወር የቤት ኪራይ ስለሆነ ጽንሰ ሐሳቡ ሳይገባው ስድቡ ብቻ ገባው።

ግስ ወዳድ፦
እኔ ከሁሉ የሚከብደኝ «እርምጃ» ነው። ተራመደ፣ ተራማጅ፣ እርምጃ፦ ሥሩ አንድ ነው። በአብዮቱ ዘመን «ተራማጅ» የምስጋና ቃል ሲሆን፣ ከዚያው ሥር የወጣው «እርምጃ» የግድያ ስም ሆነ። በቀይ ሽብር «ነፃ እርምጃ» ማለት ያለ ፍርድ መግደል ነበር። ሰዋስውን ተመልከቱ፦ «አብዮታዊ እርምጃ ተወሰደበት»። ግሱ ተገብሮ ስለሆነ ወሳጁ የለም። «-በት» ጉዳቱ በማን ላይ እንደሆነ ብቻ ይነግረናል። «ገደሉት» ብትል ግን እነማን የሚለው ይከተላል።

ጠያቂ፦
ታዲያ በዜና ላይ አንድ ቃል እንዲህ መዞሩን በምን እንለየው?

አንቀጽ ቆጣሪ፦
መጀመሪያ የድሮውን ትርጉም ፈልጊ፤ የከሳቴ ብርሃን ተሰማ (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ (1962 ዓ.ም.) መዝገበ ቃላት ከአብዮቱ በፊት ስለታተሙ ለማነጻጸር ይመቻሉ። ከዚያ ቃሉ ከምን ጋር ጥንድ እንደተደረገ እይ፤ ብዙ ጊዜ ትርጉሙን የሚሸከመው ጥንዱ ነው። ሦስተኛ፣ ተራ ቃል ተክተሽ አንብቢው። «ኪራይ ሰብሳቢ ነጋዴዎች ስኳር ደበቁ» በሚለው ውስጥ «ስግብግብ» ብትተኪበት ዓረፍተ ነገሩ ምንም አይጎድልበትም። እውነተኛው ጽንሰ ሐሳብ ቢሆን ኖሮ የትኛው ፈቃድ፣ ማን ሰጠው የሚለው ይጎድል ነበር።

ሕግ ውስጥ የገባ ቃል ከሆነ ደግሞ ቀኑንም ያዢ። ሕወሓት በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት «አሸባሪ» ተብሎ ተሰየመ፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ስያሜው ተነሣ። በሁለቱ ቀናት መካከል የተጻፈን ዜናና ከዚያ በኋላ የተጻፈን በአንድ ሚዛን ማንበብ ያሳስታል።

ወለላ፦
በዚህ ዘዴ ብዙ ሰው የሚስተው የድሮውን ትርጉም «ትክክለኛው» አድርጎ ሲይዝ ነው። «ከተማ» ድሮ የጦር ሰፈር ነበር፤ ዛሬ ከተማ ስንል ማንም አልሸወደንም፤ ሰፈሩ ሲሰፋ ቃሉም አብሮት ሰፋ። «ብሔር»ም በአዲሱ ትርጉሙ ግማሽ ምዕተ ዓመት ስለኖረ «በግእዝ አገር ማለት ነው» ብሎ የሰውን ማንነት መካድ ራሱ ፖለቲካ ነው።

ግስ ወዳድ፦
ይህን እቀበላለሁ። እኔ የምለው ግን «ከተማ»ን ለማስፋት አዋጅ አላስፈለገም፤ «ሕዝቦች» ግን በድምፅ ብልጫ የጸደቀ ብዙ ቁጥር ነው።