የኤርፉርትና የጎታ የጋራ ሐሳብ፦ የአባ ጎርጎርዮስና የሉዶልፍ መታሰቢያ (የዕቅድ ውይይት)

ሰብሳቢ፦ ውድ አባላት፣ ባለፈው ስብሰባ በተስማማነው መሠረት እኛ ኢትዮጵያውያን ለምንኖርባቸው ለሁለቱ የጀርመን ከተሞች በአንድ ደብዳቤ የምናቀርበውን ሐሳብ እዚሁ እንቅረጸው። ከኤርፉርት ጎታ በባቡር ሃያ ደቂቃ ያህል ነው። ለየብቻ ብናመለክት ግን አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው እየመራን ስንመላለስ እንከርማለን። እስካሁን በእጃችን ያለው ይህ ነው፦ የጀርመናዊው ሊቅ የሉዶልፍ መምህር አባ ጎርጎርዮስ ጎታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1652 ስለሆነ እ.ኤ.አ. በ2027 ደግሞ 375 ዓመት ይሞላል። በዚያ በጋ ከኤርፉርት ተነሥቶ ጎታ የሚያበቃ የአንድ ቀን ጉብኝትና የመታሰቢያ ሰሌዳ እንጠይቅ። ዓመተ ምሕረቱን ሁላችንም በአውሮፓ አቆጣጠር እንጻፍ፤ ደብዳቤው የሚሄደው ለጀርመኖች ነው።

ጸሐፊ፦ የመግቢያው ረቂቅ እነሆ፦ «ሂዮብ ሉዶልፍ በ1624 ኤርፉርት ተወለደ፤ በከተማይቱ ዩኒቨርሲቲም ተማረ። በ1649 ሮም ላይ አባ ጎርጎርዮስ ከተባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ ጋር ተዋወቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ ጻድቁ በሚል ቅጽል የሚታወቀው የጎታው መስፍን ኤርንስት መነኩሴውን ጋበዛቸው። ሉዶልፍ የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1661፣ የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት በ1698 አሳተመ፤ በአውሮፓ የኢትዮጵያ ጥናት አባት ይባላል።» አርሙልኝ።

የጎታ አባል፦ ጸሐፊያችን እጅህ ይባረክ፣ ዓመቶቹ ልክ ናቸው። ነገር ግን ረቂቁን ደግመህ ብታነበው ተማሪው አምስት ጊዜ ሲከብር መምህሩ «የተባሉ መነኩሴ» ሆነው ቀርተዋል። ይህንን ጀርመኖች ቢጽፉት አይገርመኝም፤ እኛ ልንጽፈው ግን አይገባም። የሮሙን ታሪክ እንጨምርበት። ሉዶልፍ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ ወዳለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ሄዶ ልሳነ ግእዝ ልማር ሲል፣ መነኮሳቱ ይህ ኢትዮጵያ ካልሄዱ የሚሆን አይደለም አሉት። የብራና መጽሐፍ አውጥቶ ማንበብ ሲጀምር በንባቡ ሳቁበት፤ አባ ጎርጎርዮስም ሳቁ። ያነበበውን መተርጐም ሲጀምር ግን ሳቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ሰውዬው ቋንቋውን ከመጽሐፍ ብቻ ለቅሞ ኖሯል፤ ንባቡን የሚያቃናለት መምህር ነበር ያጣው። በአባ ጎርጎርዮስ ያ መምህር ተገኘ። በአማራ ምድር የመካነ ሥላሴ ሰው ነበሩ፣ አማርኛውንም ያስተማሩት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ በርዕሱ ላይ የእርሳቸው ስም ይቅደም።

ጸሐፊ፦ ተቀብያለሁ። አሟሟታቸውንም አስገባለሁ፤ በ1658 ወደ አገራቸው ለመመለስ ጉዞ ላይ ሳሉ መርከባቸው በዛሬዋ ቱርክ እስክንድሮና አጠገብ ሰጥሞ ነው ያረፉት። በመካከሉ ለሉዶልፍ በግእዝ ደብዳቤ ይጽፉለት ነበር።

የኤርፉርት አባል (አንጋፋው)፦ ልጆች፣ ሐሳቡ ደስ ይላል። ነገር ግን ሁለቱን ከተሞች ያገናኘው የአንድ በጋ እንግድነት ብቻ ነው እንዴ? በእኔ ዘመን ጎታንና ኤርፉርትን ያወቅነው ከማርክሲዝም ጥናት ክበብ ነው። በ1875 ሁለት የጀርመን ሠራተኞች ፓርቲዎች ጎታ ላይ ተዋሐዱ፤ ማርክስ በፕሮግራማቸው ላይ ያንን የመረረ ሂስ ጻፈ። ሂሱን ጓደኛው ኤንግልስ በ1891 ሲያሳትመው በዚያው ዓመት ፓርቲው ኤርፉርት ላይ ተሰብስቦ የጎታውን ፕሮግራም በሌላ ተካው። የእኔ ትውልድ ከተሞቹን በካርታ ላይ ሳያውቃቸው ስለ ፕሮግራሞቻቸው ሌሊቱን ሙሉ ይከራከር ነበር። አሁን በዚያው ከተማ የጡረታ ወረፋ እጠብቃለሁ። ጉብኝቱ በኤርፉርት ካይዘርዛል፣ በጎታም በቲቮሊ በኩል ቢያልፍ ምን ይለዋል? ሁለቱም ስብሰባዎች የተካሄዱባቸው ቤቶች ናቸው።

የጎታ አባል፦ ጋሼ፣ እርስዎ ይህን ሲተርኩ መስማት ራሱ አንድ ጉብኝት ነው። ነገር ግን በደብዳቤው ውስጥ ከገባ ማዘጋጃ ቤቱ የፓርቲ ጉዳይ ይመስለዋል። በባቡሩ ውስጥ እርስዎ ቢነግሩን አይሻልም?

የኤርፉርት አባል (አንጋፋው)፦ ሃያ ደቂቃ አይበቃኝም። ይሁን፣ በደብዳቤው ላይ አልሟገትም።

ወጣት አባል (ኤርፉርት)፦ እኔም አንድ ልጨምር። ከሁሉ በፊት ሁለቱን ከተሞች ያስተሳሰራቸው ንግድ ነው። ቫይድ የሚባል ሰማያዊ ቀለም የሚወጣበት ቅጠል ነበር፤ ኤርፉርት፣ ጎታ፣ አርንሽታት፣ ላንገንዛልዛና ቴንሽቴት አምስቱ የቫይድ ከተሞች ይባሉ ነበር። ኤርፉርት ሀብቷን ያፈራችው በእርሱ ነው። ኢንዲጎ የሚባለው ሌላ ሰማያዊ ቀለም ከህንድ በብዛት ሲመጣ ንግዱ ተዳከመ። ለከተማው ሰው ይህ ቅርብ ታሪክ ስለሆነ በመግቢያው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢገባ በር ይከፍትልናል።

ሰብሳቢ፦ አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ ከዚያ አይበልጥም። እኔ ይበልጥ የሚታየኝ የድንበሩ ነገር ነው። ሉዶልፍ ሲወለድ ኤርፉርት የማይንዝ ሊቀ ጳጳስ የይገባኛል ጥያቄ የነበረባት ከተማ ነበረች፤ ጎታ ደግሞ ከ1640 ጀምሮ የራሷ መስፍን ነበራት። ኤርፉርት በ1802 ወደ ፕሩሲያ ስትገባም ጎታ በመሳፍንቷ ሥር ቀጠለች። የኤርፉርቱ ልጅ ሉዶልፍ ጎረቤት ግዛት ሄዶ የጎታውን መስፍን ነው ያገለገለው። ዛሬ አንድ ክፍለ ሀገር፣ ቱሪንገን ውስጥ ስለሆኑ ይህ ተረስቷል። «የጋራ» የምንለው ነገር ከሁለት ጌቶች ሥር ሆኖ የተሠራ መሆኑ በደብዳቤው ይታይ።

ገንዘብ ያዥ፦ ታሪኩ አምሯል፤ አሁን ወደ ምድር እንውረድ። ሰሌዳው በጎታው የመሳፍንት ግንብ፣ በፍሪደንሽታይን ላይ ይሰቀል ተብሏል። ግንቡ የከተማው ንብረት አይደለም፤ የቱሪንገን ግንቦችና የአትክልት ስፍራዎች ተቋም ነው የሚያስተዳድረው፣ በቅርስነትም የተጠበቀ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ እሺ ቢለን እንኳ ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት አንችልም። ደግሞም የነሐስ ሰሌዳ የእኛ ካዝና አይችለውም። የግድግዳውን ነገር ትተን ሌላ መንገድ እንፈልግ።

የጎታ አባል፦ መንገዱማ አለ። እዚያው ግንብ ውስጥ ያለው የጎታ የጥናት ቤተ መጻሕፍት ከ1999 ጀምሮ የኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ አካል ነው። ሁለቱ ከተሞች ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር የሚገናኙበት ተቋም ይህ ነው፤ እኛ ግን ተቀባይ አድርገን አልጻፍነውም! በሰሌዳ ፋንታ በ2027 አነስተኛ ኤግዚቢሽን እንጠይቃቸው፤ ባለሙያውም፣ የታተሙት መጻሕፍትም፣ ቦታውም እነርሱ ዘንድ ነው። እኛ ግእዝ አንባቢ እናቀርባለን። የሉዶልፍን የ1701 መዝሙረ ዳዊት ፊት ለፊታቸው በዜማ የሚያነብ ካህን ማቅረብ የምንችለው እኛ ነን።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህ እንኳ ይከፈላል። ለካህኑ መጓጓዣና ለምሳ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ወጣት አባል (ኤርፉርት)፦ ሉዶልፍ ያስተማረው የዞመርዳው ቫንስሌብ ይግባ? መስፍኑ በ1663 ወደ ኢትዮጵያ ልኮት ግብጽ ላይ የቀረው? ስለ ጎታው የካርታ ቤት ስለ ፔርቴስም ለመጻፍ ፈልጌ ነበር፤ በ1861 የጀርመናዊውን ተጓዥ የሆይግሊንን ጉዞ ያሰናዱት ከዚያው ነው፣ እርሱም ከዐፄ ቴዎድሮስ ጋር ተገናኝቷል።

ሰብሳቢ፦ ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ ለዘንድሮ ግን ይቆዩ። ደብዳቤው ከሁለት ገጽ ካለፈ የሚያነበው የለም። እንግዲህ የጸደቀው ይህ ነው፦ ርዕሱ «አባ ጎርጎርዮስና ሉዶልፍ፦ ከኤርፉርት እስከ ጎታ»። ጉብኝቱ ጠዋት ሚካኤሊስ ጎዳና ካለው ከአሮጌው ዩኒቨርሲቲ ይጀምራል፣ በባቡር ጎታ እንገባለን፣ ከጣቢያው በመናፈሻው በኩል በእግር ወደ ግንቡ እንወጣለን። ተቀባዮቹ ሁለቱ ማዘጋጃ ቤቶችና ቤተ መጻሕፍቱ ናቸው፤ የግንቡ አስተዳዳሪ ተቋም ግልባጭ ይደርሰዋል። ጸሐፊያችን አማርኛውን ያስተካክላል፣ የጎታዋ እህታችን ወደ ጀርመንኛ ትመልሰዋለች። የሚቃወም እስከ እሑድ ይጻፍ።

የኤርፉርት አባል (አንጋፋው)፦ ተቃውሞ የለኝም። በባቡሩ ላይ አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው ግን አስቀድማችሁ ምረጡ፤ ጆሮ ያለው ይሁን።

ጸሐፊ፦ ጋሼ፣ እኔ እቀመጣለሁ። ረቂቁን ዓርብ ማታ እለጥፋለሁ።