ታቮር ኤክስ 95፦ ምላጩና ጽዳቱ

ጥያቄ፦ የታቮር (ካዝናውና መቀርቀሪያው ከምላጩ ኋላ፣ ሰደፉ ውስጥ የሆነ የእስራኤል ጠመንጃ) ምላጭ ሲሳብ ለምን ይከብዳል? ጽዳቱስ ከየት ይጀመራል?

መልስ 1፦ ምላጩ ከፊት፣ መዶሻው ሰደፉ ውስጥ ነው። የሚያገናኛቸው ረጅም ዘንግ ነው የሚያከብደው። ሲለመድ ይረሳል።

መልስ 2፦ ካዝናውን አውጣ፤ መቀርቀሪያውን ስበህ የጥይት ጎጆውን በዓይንም በጣትም ፈትሽ። የሰደፉን ፒን ስትገፋ የኋላ ክዳኑ ወደ ታች ይታጠፋል፤ መቀርቀሪያው ከነፒስተኑና ከነሞላው ተስቦ ይወጣል። የፒስተኑን ጫፍ ካርቦን በብሩሽ አንሳ። ዘይቱ ስስ ይሁን፤ ከበዛ ጭሱ ፊትህ ላይ ነው፣ ጉንጭህ መቀርቀሪያው አጠገብ ስለሚያርፍ።

መልስ 3፦ ግራኝ ከሆንክ ደግሞ ቀለሁ ፊትህን ይመታሃል። የቀለህ መውጫውን ማዞር ብቻ አይበቃም፤ የግራ መቀርቀሪያም ይገዛል።