ክርክር፦ ሠራተኛን በ"መማሪያ ስልቱ" ከፋፍሎ ማሰልጠን ያዋጣል?

መነሻ፦ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ አንድ ሆቴል አዲስ የእንግዳ መመዝገቢያ ሶፍትዌር አስገባ። ሠራተኞቹ ስልጠና ገቡ። የመጀመሪያው ጠዋት መጠይቅ ሲሞላ አለቀ። ከዚያ "በማየት፣ በመስማት፣ በመሥራት የሚማር" ተብለው ለሦስት ተከፈሉ። ምን ትላላችሁ?

ኤችአር ነኝ፦ የሰው ኃይል ክፍል ነው የምሠራው፣ እደግፋለሁ። ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ማንዋል ስትሰጡት ይገባዋል፣ ሌላው ካላሳያችሁት ፍንክች አይልም። የትምህርት ተመራማሪው ኮልብ እኮ በ1984 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ጽፎበታል።

ፋሲሎ፦ እህቴ፣ ሰው ምርጫ እንዳለው ማን ካደ? ጥያቄው በምርጫው ስታሰለጥኚው የበለጠ ይማራል ወይ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፓሽለርና ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. ጥናቶቹን ፈትሸው በቂ ማስረጃ አጡ። በደንብ የተሠራው ሙከራ ጥቂት ነው፤ ከዚያም ውስጥ ተቃራኒውን የሚያሳይ አለ።

ሪሴፕሽን፦ እኔ እዚያ ነበርኩ። "በመስማት" የሚለው ደረሰኝ። ስለ ቼክ አውት ገለጻ ሰማሁ፣ ገባኝም ብዬ ነበር። በማግስቱ ሁለት እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው "ሂሳቡ ለሁለት ይከፈልልን" ሲሉኝ የት እንደሚጫን ጠፋኝ። ጓደኛዬ ማውሱን አስይዛ ደጋግማ ስታሠራኝ ነው የያዝኩት።

ኤችአር ነኝ፦ በይ እንግዲህ፣ በመሥራት የምትማሪ ነሽ ማለት ነው!

ሪሴፕሽን፦ ኧረ እናቴ! "በማየት" የተባለውም ልጅ እንደዚያው ነው የገባው። ሥራው ራሱ የእጅ ነው።

ሽንብጥ፦ ልጆቼ፣ ትንሹን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ። እኔ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ሰኔ ሲመጣ በጀት እንዳይመለስ ስልጠና ይጠራል። አበል እንቀበላለን፣ ሻይ በብስኩት እንጠጣለን፣ ፎርሙ ላይ "በጣም ጥሩ" እንላለን። በቃ። ከወር በኋላ ሥራው ላይ ምን ተቀየረ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ፋሲሎ፦ ጋሼ ልክ ነዎት። የስልጠና ምዘና ምሁሩ ኪርክፓትሪክ ስልጠና በአራት ደረጃ ይመዘን አለ፤ ሰልጣኙ ወደደው፣ ተማረ፣ ሥራው ላይ አዋለው፣ ድርጅቱ ተጠቀመ። እኛ የመጀመሪያው ላይ ነው የምንቀረው። ያ የመጠይቅ ጠዋት ለልምምድ ቢውል፣ ከሳምንት በኋላ ደግሞ ያለ ማንዋል ሥሩ ቢባሉ ይሻል ነበር። ሳይረሳ አይቀርም፣ ግን ሲያስታውሱት ይጠነክራል።

ኤችአር ነኝ፦ እሺ፣ መጠይቁን ልተው። ምን ያውቃሉ ብዬ መጠየቁን ግን አልተውም። አንዱ አካውንቲንግ ተመርቋል፣ ሌላው ኮምፒውተር ነክቶ አያውቅም። እነሱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ለማንም አይሆንም።

ፋሲሎ፦ በዚህ አንጣላም።

ሪሴፕሽን፦ እኔም። ጥር ላይ ብቻ አታድርጉት። ሰርግ ነው፣ ዴስክ ላይ የሚቆም አይገኝም።