ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚሰካ ቀጭን ቱቦ) በየ72 ሰዓቱ መቀየር፦ ጥያቄው ለጥናት እንዲሆን እንዴት ልጻፈው?

ሐይቅ ዳር
ሰላም፣ ሀዋሳ ሰርጂካል ዋርድ ነርስ ነኝ። ለፕሮፖዛል «ካኑላ የሚያመጣው ችግር ምንድን ነው?» ብዬ ሳቀርብ «አጥብቢው» ተባልኩ። ማወቅ የምፈልገው ምልክት ሳይኖር፣ 72 ሰዓት ስለሞላ ብቻ መንቀል ይጠቅማል ወይ የሚለውን ነው።

ታቦር ሥር
ሲስተር፣ የመጀመሪያው መልሱ መማሪያ መጽሐፍ ላይ አለ። ሁለተኛው ግን ፒኮ ነው (ታካሚ፣ ኢንተርቬንሽን፣ ማነጻጸሪያና ውጤት የሚባሉ አራት ክፍሎች ያሉት የጥናት ጥያቄ)፣ አላስተዋልሽውም እንጂ። ታካሚ፦ 18 ዓመትና ከዚያ በላይ፣ የተኛ፣ ካኑላ ቢያንስ 4 ቀን የሚያስፈልገው። ኢንተርቬንሽን (የሚፈተነው አሠራር)፦ ምልክት ሲታይ ብቻ መቀየር። ማነጻጸሪያ፦ ከ72 እስከ 96 ሰዓት ውስጥ መቀየር። ውጤት፦ ፍሌባይተስ (የደም ሥር መቆጣት)።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ውጤቱ ላይ ነው። «ኢንፌክሽን» ብለሽ ከተውሽው አንዷ ነርስ ትንሽ መቅላት አይታ ትመዘግባለች፣ ሌላዋ መግል ካላየች አትመዘግብም። ፍሌባይተስን በዓይን አይቶ ነጥብ የሚሰጠውን፣ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ያለውን የቪአይፒ መለኪያ ያዢና 2 እና ከዚያ በላይ የሆነውን ቁጠሪ፤ 2 ማለት ከሕመም፣ ከመቅላትና ከእብጠት ሁለቱ ሲታዩ ነው። ካኑላው ከወጣም በኋላ 48 ሰዓት ተከታተዪ፣ ዘግይቶ የሚመጣ አለ።

ጥቁር ውሃ
መጀመሪያ ፐብሜድ (የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ) ላይ ፈልጊ። አራቱንም የፒኮ ክፍል አንድ ላይ አትክተቺ፤ አብስትራክቱ (የጥናቱ አጭር ማጠቃለያ) ላይ ውጤቱን በስሙ ያልጠቀሰ ጥናት ያመልጥሻል። ታካሚና ኢንተርቬንሽን ይበቃል። «ካኑላ»ን ከ«ካቴተር» ጋር በ«ኦር» (OR፣ «ወይም») አገናኚ። ሙሉውን ጽሑፍ ለማንበብ ክፍያ ከጠየቀሽ በሂናሪ (በዓለም ጤና ድርጅት የጥናት ጽሑፎች ማግኛ ፕሮግራም) ግቢ።

ደግሞ ይሄን ኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግም ድርጅት) ገምግሞታል፤ በፍሌባይተስ ረገድ ግልጽ ልዩነት አላገኘም። በ60 ታካሚ ያንኑ ከመድገም «ዋርዳችን ውስጥ ካኑላ በየሺፍቱ ይታያል ወይ?» ብሎ ኦዲት (አሠራርን ከመመሪያ ጋር ማመሳከር) መሥራት ይሻላል ባይ ነኝ። ምልክት ሲታይ መቀየር የሚሠራው የሚያይ ሰው ካለ ነው።

ታቦር ሥር
እስማማለሁ። ያኔ ማነጻጸሪያሽ ሌላ ቡድን ሳይሆን መመሪያው ይሆናል።

ሐይቅ ዳር
ሪፈር ተጽፎላቸው ከነካኑላቸው የሚመጡትስ? መቼ እንደተሰካ አይታወቅም።

ጥቁር ውሃ
ከጥናቱ ውጪ አድርጊያቸው፣ መስፈርቱም ላይ ጻፊው። በንጽሕና መሰካቱ ያልተረጋገጠ ካኑላ በ48 ሰዓት ውስጥ መቀየር ስላለበት ለዚህ ጥያቄ አይሆንም። አንድ ታካሚ ሁለት ካኑላ ካለው በታካሚ ወይስ በካኑላ እንደምትቆጥሪ ከወዲሁ ወስኚ። ፕላስተሩ ላይ ቀንና ሰዓት ይጻፍ፤ በሐበሻ ሰዓት ይሁን በፈረንጅ ከሁሉም ሺፍት ጋር ተስማሚ፣ አለዚያ 72ቱ 66 ወይም 78 ሆኖ ታገኚዋለሽ።