በፔንዱለም የለካሁት ጂ 8.54 ወጣ፤ ጥፋቱ የቱ ጋ ነው?

ሚጢጢ ኒውተን (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። 11ኛ ክፍል ነኝ፣ ከአራት ኪሎ። ሰኞ የማስረክበው የፊዚክስ ሥራ አለኝ። የስበትን አክሰለሬሽን፣ ጂን ማለት ነው፣ ቤት ውስጥ በፔንዱለም ለክታችሁ አምጡ ተብለናል።

የልብስ ስፌት ክር ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ አስሬ በር መቃን ላይ ካለ ሚስማር አንጠለጠልኩ። ከሚስማሩ እስከ ታችኛው ቋጠሮ ክሩ 50 ሴንቲ ሜትር ነው። ወደ ጎን 45 ዲግሪ ያህል ስቤ ለቀቅኩት። 10 ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ በስልኬ 15.2 ሰከንድ ፈጀ፤ ስለዚህ ፔሬዱ (አንዴ ሄዶ የሚመለስበት ጊዜ) 1.52 ሰከንድ ነው። ፎርሙላው ጂ = 4 × ፓይ ስኩዌር × ርዝመት ÷ ፔሬድ ስኩዌር ነው። 4 በፓይ ስኩዌር ሲባዛ 39.48 ስለሆነ፦

ጂ = 39.48 × 0.50 ÷ (1.52 × 1.52) = 8.54 ሜ/ሰ²

ሦስት ጊዜ ደገምኩት፣ ከ8.5 አካባቢ አልወጣም። መጽሐፉ የሚለው 9.8 ነው። ጓደኛዬ «አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ስበቷ ያንሳል፣ እንደዛ ብለሽ ጻፊ» አለችኝ። ልክ ናት? ካልሆነስ ምኑን ላስተካክል? ከበድ ያለ ነገር ባንጠለጥል ይሻል ይሆን?

አቦጊዳ
ቆጠራሽን እዪው። ብዙ ሰው ሰዓቱን ሲያስጀምር «አንድ» ይላል። «አስር» ሲል የቆጠረው ዘጠኝ ብቻ ነው።

ላብ ኮት
የቆጠራ ስህተት የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን አይሆንም፣ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው። ዘጠኙን አስር ብላ ቆጥራ ቢሆን ፔሬዱ አጥሮ ጂ ከ9.8 በላይ ይወጣ ነበር። የእሷ ፔሬድ የረዘመ ነው።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ሐሳብ። ከፊሉ ልክ ነው፣ መጠኑን ግን አላሰበችውም። አዲስ አበባ ላይ ጂ በ9.77 እና በ9.78 መካከል ነው፤ መጽሐፍ ላይ ከሚጻፈው 9.81 በትንሹ ያንሳል። ለዚህም ከከፍታው ይልቅ የሚበልጠው ምክንያት ለምድር ወገብ ቅርብ መሆናችን ነው፣ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምንርቀው። ምድር ወገቧ ላይ ሰፋ ያለች ናት፣ የመሽከርከሯም ውጤት እዚያ ይበረታል። ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ የሚቀንሰው 0.003 ገደማ ነው፤ ለእኛ 2,400 ሜትር 0.007 ቢሆን ነው። እንጦጦ ጫፍ ወጥተሽ ብትለኪ እንኳ በክርና በስልክ ልዩነቱን አታገኚውም።

ጂ በእውነት 8.54 እንዲሆን ወደ 450 ኪሎ ሜትር ሽቅብ መውጣት ያስፈልግሻል። ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ የሚዞረው 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። (በነገራችን ላይ «ጠፈር ላይ ስበት የለም» የሚባለው ነገር እዚህ ጋ ይፈርሳል። ጠፈርተኞቹ የሚንሳፈፉት ጣቢያውም እነሱም አብረው ስለሚወድቁ ነው።)

የአንቺ ጥፋት ሁለት ቦታ ላይ ነው፣ ሁለቱም ራስሽ ከጻፍሽው ይታያል።

አንደኛው ርዝመቱ ነው። ፎርሙላው የሚፈልገው ከማንጠልጠያው ነጥብ እስከ ቁልፉ የክብደት መሐል ያለውን ነው፤ ቋጠሮው ላይ አያቆምም። ቁልፉ ከቋጠሮው በታች 3 ሴንቲ ሜትር ላይ መሐሉ ቢሆን ርዝመትሽ 53 ነው እንጂ 50 አይደለም። ብቻውን 6 በመቶ ያጎድልብሻል።

ሁለተኛው ማዕዘኑ ነው። ፎርሙላው የሚሠራው ለትንሽ ማዕዘን ብቻ ነው። 10 ዲግሪ ላይ እውነተኛው ፔሬድ ፎርሙላው ከሚለው 0.2 በመቶ ይረዝማል፣ 30 ዲግሪ ላይ 1.7፣ 45 ላይ 4፣ 60 ላይ ከ7 በላይ። ፔሬዱ ስኩዌር ስለሚደረግ 4 በመቶው ጂ ላይ ሲደርስ 8 ይሆናል።

ሁለቱን አርሚና እዪ፦ 1.52 ÷ 1.04 = 1.46፤ ከዚያ 39.48 × 0.53 ÷ (1.46 × 1.46) = 9.82። ይህን ግን እንደ መልስ አትጻፊው። ዥዋዥዌው እየደከመ ሲሄድ ማዕዘኑም ስለሚጠብ 4 በመቶው ግምት ነው፤ 3 ሴንቲ ሜትሩም የእኔ ግምት ነው። እንደገና ለኪ።

ብሎን በኪሎ
እንደገና ስትለኪ አሠራሩን ቀይሪው።

ማንጠልጠያው መጀመሪያ። ክር ሚስማር ላይ በልቅ ቀለበት ከታሰረ ሲወዛወዝ ቀለበቱ ይንሸራተታል፣ ወይም ክሩ ሚስማሩ ላይ ይጠመጠማል፤ ርዝመቱ በየወዙ (ሄዶ በተመለሰ ቁጥር) ይለዋወጣል ማለት ነው። ሁለት ጠፍጣፋ እንጨት ወይም ሁለት ማስመሪያ አምጪና ክሩን መሐላቸው አጣብቂው። ቁም ሳጥን ወይም ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አውጥተሽ ከላይ ከባድ መጽሐፍ ጫኚበት። ክሩ ከእንጨቶቹ የሚወጣበት ጠርዝ የመወዛወዣ ነጥብሽ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ ቁርጥ ያለ። በእጅ መያዝ ፈጽሞ አይሆንም፤ እጅሽ ሳታውቂው አብሮ ይሄዳል።

ክሩ የሹራብ ክር አይሁን፣ ይለጠጣል። የጫማ ሰፊ ክር በጣም ጥሩ ነው። ርዝመቱን ቁልፉ ተንጠልጥሎ ሳለ ለኪ፣ መሬት ላይ አስተኝተሽ አይደለም።

ከቁልፍ ይልቅ ትልቅ ዳዶ ይሻላል። ብሎን የሚሸጥበት ሁሉ አለ፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። የዳዶ መሐሉ ቀዳዳው ስለሆነ የክብደቱን መሐል በዓይን ታዪዋለሽ። የጓጉንቸር ቁልፍ መሐል ግን የት እንዳለ ማን ያውቃል? ቀለበቱ ቀላል ነው፣ አካሉ ከባድ ነው፣ ውስጡም ባዶ ቦታ አለው።

አለቃቀቅ፦ ርዝመቱ 1 ሜትር ከሆነ ወደ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ሳቢ፣ 6 ዲግሪ ገደማ ነው። ለ50 ሴንቲ ሜትር 5 ይበቃል። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ለመቁጠር በቂ ነው። አትግፊው፣ ልቀቂው ብቻ። ነፋስ እንዳይኖር በርና መስኮት ዝጊ።

ላብ ኮት
ሰዓት አያያዙን እኔ ልጨምር፣ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ሰዓቱን ፔንዱለሟ ጫፍ ላይ ስትደርስ አታስጀምሪ። ጫፍ ላይ ስለምትዘገይ «አሁን ቆመ» የምትዪው ቅጽበት ብዥ ያለ ነው። ታች፣ መሐል ላይ ስታልፍ ግን ፍጥነቷ ከፍተኛ ስለሆነ ቅጽበቱ ስል ነው። ከጀርባዋ ወረቀት ለጥፊና መሐሉ ላይ መስመር አስምሪ። ሁለት ሦስት ጊዜ ዝም ብለሽ አሳልፊያት፤ ከዚያ በአንድ አቅጣጫ መስመሩን ስታልፍ «ዜሮ» ብለሽ አስጀምሪ፣ በዚያው አቅጣጫ ስታልፍ ብቻ «አንድ፣ ሁለት» በዪ። 20 ላይ አቁሚ።

የጣት መዘግየት 0.2 ሰከንድ ያህል ስህተት ያመጣል፣ አንድ ወዝም ቆጠርሽ ሃያ ያው ነው። ለዚህ ነው ብዙ የምንቆጥረው፤ ስህተቱ ለ20 ይካፈላል።

ሚጢጢ ኒውተን (ጠያቂ)
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁም። ሁለት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ ዳዶውን ዛሬ አላገኝም፣ ቁልፉ ብቻ ነው ያለኝ፤ መሐሉን እንዴት ላውቅ? ሁለተኛ፣ ሁለት ቁልፍ አንዱን ከአንዱ በታች አንጠልጥዬ ስሞክር ፔሬዱ ረዘመ። ክብደት ለውጥ አያመጣም ተብለን የለ እንዴ?

ቀጥ ያለ መስመር
የሁለተኛውን መልስ ራስሽ ይዘሽዋል፦ «አንዱን ከአንዱ በታች»። የለወጥሽው ክብደቱን ብቻ አይደለም፣ መሐሉን ወደ ታች አውርደሽዋል፤ ርዝመቱ ጨምሯል ማለት ነው። ሁለቱን ቁልፎች ጎን ለጎን ከአንድ ቋጠሮ ብታስሪያቸው ፔሬዱ ያው ይሆናል። ማስ (የቁሱ መጠን) ሲጨምር የሚስበው ኃይል በዚያው ልክ ይጨምራል፣ ለመንቀሳቀስ ያለው እምቢተኝነትም በዚያው ልክ፤ ስለዚህ ይጣፋሉ። ከባድ ነገር የሚጠቅመው አየሩ ቶሎ እንዳያስቆመው ነው።

የመጀመሪያው ደግሞ የዚህ ሙከራ ጣፋጩ ክፍል ነው። መሐሉን ማወቅ አያስፈልግሽም። ርዝመቱን እስከ ቋጠሮው ለኪ፣ ግን በአንድ ርዝመት ሳይሆን በአምስት፦ 30፣ 45፣ 60፣ 75፣ 90 ሴንቲ ሜትር። ለእያንዳንዱ የ20 ወዝ ጊዜ ያዢ። ከዚያ ግራፍ ሥሪ፦ አግድም ርዝመት በሜትር፣ ሽቅብ ፔሬድ ስኩዌር። ነጥቦቹ ቀጥ ባለ መስመር ላይ ይሰለፋሉ። የመስመሩ ስሎፕ (የዘንበሉ መጠን) 39.48 ሲካፈል ለጂ ነው።

ከቋጠሮ በታች ያለው ያልታወቀ ርዝመት ለአምስቱም እኩል ስለሆነ መስመሩን ሽቅብ ያነሳዋል እንጂ ስሎፑን አይነካውም። መስመሩም በዜሮ ነጥብ አያልፍም። ብዙ ተማሪ እዚህ ጋ ደንግጦ መስመሩን በግድ በዜሮ ያሳልፈዋል፣ ያን ጊዜ ጂ ይበላሻል። ተዪው፣ ባለበት ይለፍ። ሽቅቡን ዘንግ የሚቆርጥበትን ቁጥር ለስሎፑ አካፍዪው፤ የቁልፉ መሐል ከቋጠሮው ስንት ሜትር በታች እንደሆነ ይነግርሻል።

ሙሉ ወዝ መቁጠርሽን ግን እርግጠኛ ሁኚ። ሄዶ መመለስ አንድ ነው። መሄዱን ብቻ ከቆጠርሽ ጂ አራት እጥፍ ይወጣል፣ 39 ካየሽ ይኸው ነው።

አቦጊዳ
ከርዕስ ወጣ ብዬ ልጠይቅ። መንገድ ዳር ሚዛን ላይ ወጥተን «52 ኪሎ» የሚለን ማስ ነው ክብደት?

ላብ ኮት
ሚዛኑ የሚሰማው ኃይል ነው፣ የሚጽፈው ግን ማስ። ውስጡ ስፕሪንግ ወይም ሴንሰር አለ፣ የጫንሽበትን ኃይል በኒውተን ይለካና ለጂ አካፍሎ ኪሎ ያሳያል። 52 ኪሎ ሰው አዲስ አበባ ላይ 508 ኒውተን ገደማ ነው። ሚዛኑ 9.81 ባለበት አገር ልክ ተደርጎ ከመጣ እዚህ 51.8 ይላል፤ ሚዛኑ ራሱ ከዚያ በላይ ሊሳሳት ስለሚችል ማንም አያየውም። ድንጋይ የሚቀመጥበት ባለ ሁለት ሰሐን ሚዛን ግን ማስን ከማስ ጋር ስለሚያወዳድር ጨረቃም ላይ ቢወሰድ መልሱ ያው ነው።

ልዩነቱን ማየት ከፈለግሽ ሚዛኑን አሳንሰር ውስጥ ይዘሽ ግቢ። ወደ ላይ በ1 ሜ/ሰ² ሲነሳ 52ቱ ኪሎ 57 ያህል ይሆናል፣ እኩል ፍጥነት ሲይዝ ወደ 52 ይመለሳል፣ ላይ ደርሶ ሲቆም ደግሞ ቁጥሩ ከ52 ይወርዳል። ማስሽ አንድም ግራም አልተለወጠም።

ሚጢጢ ኒውተን (ጠያቂ)
ሠራሁት! በሁለት ማስመሪያ አጣብቄ፣ ትንሽ ብቻ ስቤ፣ ከዜሮ ቆጥሬ። የ20 ወዝ ጊዜ፦

30 ሴሜ፣ 23.1 ሰከንድ
45 ሴሜ፣ 27.8
60 ሴሜ፣ 32.0
75 ሴሜ፣ 35.5
90 ሴሜ፣ 38.7

ፔሬድ ስኩዌር በቅደም ተከተል 1.334፣ 1.932፣ 2.560፣ 3.151፣ 3.744 ሆነ። ስሎፑ 4.03 ወጣ፣ ሽቅቡን ዘንግ 0.13 ላይ ቆረጠው። ጂ 39.48 ÷ 4.03 = 9.80! ቁልፉ ደግሞ 0.13 ÷ 4.03፣ 3.2 ሴንቲ ሜትር። በማስመሪያ ሳየው አካሉ መሐል እዚያው አካባቢ ነው። 9.797 ብዬ ልጻፍ ወይስ 9.80?

ቀጥ ያለ መስመር
ጎበዝ። የ60 ሴሜዋ ነጥብ ከመስመሩ ትንሽ ከፍ ብላለች፣ ጊዜ ካለሽ እሷን ብቻ ድገሚ። አትሰርዣት ግን።

9.797 አትጻፊ። በነጥቦቹ መሐል ሊያልፍ የሚችለውን በጣም ሽቅብ የወጣ መስመርና በጣም የተኛ መስመር በማስመሪያ ሞክሪ። ከቁጥሮችሽ ስገምት ስሎፖቹን 4.06 እና 4.00 ያህል ነው የምታገኚው። ጂ በ9.72 እና በ9.87 መካከል ነው ማለት ነው። 9.80 ± 0.07 ብለሽ ጻፊ።

ሚጢጢ ኒውተን (ጠያቂ)
እንደዛ ከሆነ የጓደኛዬን ነገር፣ አዲስ አበባ ላይ እንደሚያንስ፣ በዚህ ማሳየት አልችልም ማለት ነው?

ላብ ኮት
አትችዪም። 9.775ም 9.81ም እዚያው ክልልሽ ውስጥ ናቸው። ልዩነቱ 0.035 ነው፣ የአንቺ ስህተት 0.07። ለማየት ወዞቹን ሳይሆን ቀናትን መቁጠር ያስፈልጋል። ፈረንሳዊው ዣን ሪሼ እ.ኤ.አ. በ1672 ከፓሪስ ወደ ካየን፣ ምድር ወገብ አጠገብ፣ የፔንዱለም ሰዓት ይዞ ሄዶ በቀን ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል እንደሚዘገይ ያየው በዚያ ነው። ፓሪስ ላይ ልክ የተደረገ ሰዓት አዲስ አበባ ቢመጣም መዘግየቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ሪፖርትሽ ላይ የመጀመሪያውን 8.54 አትደብቂው። ከነምክንያቱ፣ 3.2 ሴንቲ ሜትሩንና 45 ዲግሪውን ጠቅሰሽ አንድ አንቀጽ ስጪው።