ፋሲካ በቀመር ይውጣ ወይስ በሰማይ?

አወያይ፦ የባሕረ ሐሳብ (ቤተ ክርስቲያን በዓላትንና አጽዋማትን የምታወጣበት ቀመር) ሙሉ ጨረቃና ዕሪና (ቀንና ሌሊት እኩል የሚሆኑበት ዕለት) ሰማይ ላይ ከሚታየው ጋር አይገጥሙም። ይታረም ወይስ ይቆይ? የ2016 ዓ.ም. ፋሲካን መነሻ እናድርግ። ስድብ ይሰረዛል።

ሰማይ ቆጣሪ፦ ይታረም ባይ ነኝ። ደንቡ ከዕሪና በኋላ የመጀመሪያዋ ጨረቃ ስትሞላ፣ ቀጥሎ ባለው እሑድ ይላል። በ2016 ዕሪና በሰማይ የዋለው መጋቢት 11 ነው፤ ጨረቃዋም መጋቢት 16 ሞላች። እኛ ያከበርነው ግን ሚያዝያ 27፣ ሁለተኛዋ ጨረቃ እንኳ ከሞላች ከ11 ቀን በኋላ! ምክንያቱ ይታወቃል። ቀመሩ ዓመትን 365 ቀን ከሩብ ይላል፤ የወቅቶች ዓመት ከዚያ በ11 ደቂቃ ገደማ ያንሳል፣ በ128 ዓመት አንድ ቀን። ስለዚህ የመጽሐፉ ዕሪና መጋቢት 25 ላይ ቆሞ ቀረ። ጨረቃም በየ19 ዓመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ትቀድማለች። እንግሊዛዊው ሊቅ ሮጀር ቤከን ይህንኑ በ1267 እ.ኤ.አ. ለሮም ጳጳስ ጽፎ ነበር፤ እርማቱ፣ የጎርጎርዮሱ ካላንደር፣ የመጣው በ1582 ነው።

መሪጌታ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ቀመሩን እናውጣው፤ ግማሹ ክርክር ካለማወቅ ነው የሚመጣው። 5500 (ከፍጥረት እስከ ክርስቶስ የሚቆጠረው ዓመት) ሲደመር 2016፣ 7516። በ19 ሲገደፍ (ተካፍሎ ቀሪው ሲያዝ) 11 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲነሣ ወንበር 10። ወንበሩን በ11 አባዝቶ በ30 መግደፍ አበቅቴን (የጨረቃን ትርፍ ቀን) 20 ይሰጣል፤ በ19 አባዝቶ መግደፍ ደግሞ መጥቅዕን (የበዓላቱ ስሌት የሚነሣበትን ቀን) 10። ሁለቱ ተደምረው 30 ካልሞሉ ተሳስተሃል። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት ይውላል፤ 14 ራሱ አይወጣም። ጥቅምት 10 ቅዳሜ ነበር፣ የቅዳሜ ተውሳክ (ለዕለቱ የሚጨመረው ቁጥር) 8፤ ድምሩ፣ መባጃ ሐመር፣ 18፣ ነነዌም የካቲት 18። በዚያ ላይ የፋሲካ ተውሳክ 69፦ ሚያዝያ 27። ተማሪ በብዛት የሚወድቀው ወሩ ላይ ነው። መጥቅዕን በመስከረም 10 ብታውል ዕለቱ ሐሙስ፣ ተውሳኩ 3፣ ነነዌ ጥር 13 ትሆንብሃለች። ነነዌ ከጥር 17 አትወርድምና ስሕተቱ እዚያው ይጋለጣል።

አሁን ወደ ነገሩ። 28ቱ ዐውደ ፀሐይ (የዕለታት ዙር) በ19ኙ ዐውደ አበቅቴ (የጨረቃ ዙር) ሲባዛ 532 ዓመት ነው፤ ያን ጊዜ ዕለቱም ጨረቃውም አብረው መነሻቸው ላይ ይገጥማሉ። ለአባቶች ይህ ዐውድ ከፍጥረት ጀምሮ የሚዞር ነው፤ 14ኛው በ1948 ተፈጸመ፣ 15ኛው ላይ ነን። የ2016 ፋሲካ የ1484ቱ ነው። የጎርጎርዮሱ ፋሲካ ተመልሶ ለመግጠም 5,700,000 ዓመት ይፈልጋል፤ በቃሉ ይዞ የሚያወጣው ማን ነው?

ቁጥር ወዳድ፦ መሪጌታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሊቃውንቱ ራሳቸው ሩቡ ላይ አልቆሙም። ዓመት 365 ቀን ከ15 ኬክሮስ ከ6 ካልዒት ነው ይላሉ። ኬክሮስ የቀን 60ኛ (24 ደቂቃ)፣ ካልዒት የኬክሮስ 60ኛ (24 ሰከንድ)። 6 ካልዒት በ600 ዓመት 3600 ይሆናል፣ ሙሉ ቀን፤ ጳጉሜን 7 የምትባለው ከዚህ የመጣች ናት። ችግሩ የወቅቶች ዓመት 14 ኬክሮስ ከ32 ካልዒት ነው። ጳጉሜን 7 ልዩነቱን ታሰፋዋለች እንጂ አታጠብም።

መሪጌታ፦ ፀሐይ ወደዚያው ኮከብ የምትመለስበትን ዓመት ለካው፦ 15 ኬክሮስ ከ23 ካልዒት። የሊቃውንቱ ቁጥር ከሩቡ ይልቅ ለእሱ ይቀርባል።

ሰማይ ቆጣሪ፦ እሺ፣ ግን ፋሲካን ያሰረው ዕሪና ነው፣ ኮከብ አይደለም። ሌላውን ሳንነካ ፋሲካን ብቻ ብናስተካክል ማን ይጎዳል?

መሪጌታ፦ አጽዋማቱ። በአንተ ስሌት ፋሲካ ቢቀድም እስከ መጋቢት 13 ይወርዳል። 69 ቀን ወደ ኋላ ስትቆጥር ነነዌ ጥር 4፣ በልደትና በጥምቀት መካከል! ዐቢይ ጾም ደግሞ ጥር 18 ይገባል፤ ጥምቀት በወጣ በሳምንቱ።

ቁጥር ወዳድ፦ መውጫ አለው። እንደ 1582ቱ ከመላው ካላንደር 13 ቀን ይቆረጥ፤ መጋቢት 13 የነበረው 26 ይባላል፣ ነነዌም ወደ ጥር 17 ትመለሳለች። የድሮው ድንበር ሳይነካ ቀረ ማለት ነው። ዋጋው ግን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይወጣል። መስከረም 1 በፈረንጆቹ ኦገስት 29 ላይ ያርፋል፤ እንቁጣጣሽ በክረምቱ ዝናብ፣ አደይ ሳይፈነዳ። የመንግሥት በጀት፣ የትምህርት ዘመን፣ የልደት ካርድ ሁሉ በዚሁ ካላንደር ነው የሚሄደው። ለኔ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው የሚሰበረው።

መሪጌታ፦ ከግብፅም፣ ከግሪክም፣ ከሩስያም ጋር ፋሲካን አብረን የምንውለው በዚሁ አሮጌ ቀመር ነው። ብቻችንን ብንወጣ ከማን ጋር ልንውል?

ሰማይ ቆጣሪ፦ ብቻችንን አላልኩም። የ1997 እ.ኤ.አ. የአሌፖ ምክክር ለአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ያቀረበው ሐሳብ አለ፦ የኒቅያ ጉባኤው ደንብ (መጀመሪያ የጠቀስኩት) እንዳለ ይቆይ፣ ዕሪናና ጨረቃ በሥነ ፈለክ ይሰሉ።

ቁጥር ወዳድ፦ በየት አገር ሰዓት? የ2016 ሁለተኛዋ ጨረቃ በግሪንዊች የሞላችው ሚያዝያ 15፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን 11 ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ በአዲስ አበባ ሚያዝያ 16 ገብቷል። እንዲህ ያለው ነገር በቅዳሜና በእሑድ መካከል ቢገጥም ሁለቱ ከተሞች ፋሲካን በሳምንት ይለያያሉ።

ሰማይ ቆጣሪ፦ አሌፖ ላይ ለዚሁ ሲባል የተመረጠው የኢየሩሳሌም ሰዓት ነው።